ዘፈንና ድምፅ በዲስክ ስለ ማስቀመጥ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ሊቀመንበራችን ቤቴ መጥተው ቡና ስንጠጣ አንድ የጥንት ዘፈን ከፈትኩላቸው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ሁሉ ከየት ነው የሚወጣው? ሸክላ የለ፣ ካሴት የለ» አሉኝ። ከጫማ ሣጥን የማትበልጠውን ጥቁር ዕቃ አሳየኋቸው። «እንግዲያው ይኸንን ለአባሉ ይንገሩልን» ብለው አዘዙኝና እነሆ ቆሜአለሁ።

እንደምታውቁኝ ትምህርቴ ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ 34 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ኢንጂነር ሳይሆን ፋይል ሲከፍትና ሲዘጋ እንደ ኖረ ሰው ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ነገር ፋይል ብለው የሰየሙት ሰዎችም መዝገብ ቤት ገብተው የወጡ ይመስለኛል። ነገሩ አንድ ነውና። ስሙ ካልተጻፈበት፣ ቦታው ካልታወቀ፣ ግልባጭ ካልተያዘለት ጠፋ ማለት ነው።

ዕቃው እጄ የገባው እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ1974 ዓ.ም. ከአገር ወጥቶ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገባ። ዋሽንግተን ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሥራ ልጆቹን አሳደገ። መጠጥ አያውቅ፣ ካርታ አያውቅ፤ ትርፍ ገንዘቡ የሚያልቀው በሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ነበር። ባለቤቱ «በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራ ነበር» እያለች ታማርር ነበር፤ እሱ ደግሞ ይስቃል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. አረፈ። መርዶው ሲመጣ ድንኳን የተከላችሁልኝ፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። በዓመቱ ልጁ «አባዬ ለጋሼ ይሁን ብሏል» ብላ ዕቃውን ሁሉ በኮንቴይነር ላከችልኝ። አምፕሊፋየር አለ፣ ሁለት ስፒከር አለ፣ የሸክላ ማጫወቻ አለ፣ ዳክ የምትባል ትንሽ ሣጥን አለች፣ ያቺ ጥቁር ማጫወቻ አለች፤ ደግሞ የኪስ መጽሐፍ የምታህል ሃርድ ዲስክ። አምፕሊፋየሩ ማኪንቶሽ ይባላል። ከኮምፒዩተሩ ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ዘመድ አይደሉም፤ ይኼኛው እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመ፣ በኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ከተማ የሚሠራ የድምፅ መሣሪያ ነው። ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለው ሰዓት መሰል ነገር አለው፤ ማታ ሲታይ ደስ ይላል።

ከውጭ ዕቃ ለሚመጣላችሁ ሁሉ በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳስብ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው። የስልክና የኮምፒዩተር ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ስለሚል ጀርባውን ማንበብ ነው። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ግን ትራንስፎርመር ከሌለው ወዲያው ይቃጠላል። እኔ ይህን ጠይቄ ስለ ነበር ተረፈልኝ። የሸክላ ማጫወቻው ግን ያላሰብኩትን ጣጣ አመጣ። የእነሱ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይኸን አይለውጥም። ሞተሩ ምልልሱን ተከትሎ የሚዞር ዓይነት ስለሆነ በደቂቃ 45 መዞር የሚገባው ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ዞረና ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የያዘው መሰለ። እኔ ሸክላው አርጅቶ ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ! በኋላ ቀበቶው የሚዞርባት ትንሽ መዘውር ለ50 በተሠራችው ተለወጠችና ተስተካከለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ድምፅ በቁጥር የሚቀመጠው እንዴት ነው? ቆጣሪ የሚያነበውን ሠራተኛ ታውቁታላችሁ። በወር አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሲዲም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ መነበቡ ነው። በእያንዳንዱ ንባብ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይመዘገባል፤ የግራው ለብቻ፣ የቀኙ ለብቻ። ዳክ ያልኳት ሣጥን ሥራዋ ያንን ቁጥር መልሳ የድምፅ ሞገድ አድርጋ ለአምፕሊፋየሩ ማቀበል ነው። ሲዲ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን ሶኒና ፊሊፕስ ተባብረው ያወጡት ነው። ፊሊፕስ ማለት እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ያወጣው የሆላንድ ኩባንያ ነው።

በዚህ ዓይነት የተመዘገበ ሙዚቃ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ዲስክ ውድ በነበረ ጊዜ ይህ የማይቻል ስለ ነበር ማሳነሻ ዘዴ ተፈለገ። ዘዴዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸውን በዕድራችን ድንኳን ላስረዳ። ድንኳኑ ትልቅ ነው፣ ከረጢቱ ትንሽ ነው። አንደኛው ሰው «እዚህ ጥግ ላይ ማንም አይቀመጥም» እያለ በመቀስ እየቆረጠ ከረጢቱ ውስጥ ይከተዋል። ኤም ፒ ስሪ ማለት ይህ ነው። ጆሮ አይሰማውም የተባለው ይጣላል፣ የተጣለውም አይመለስም። ሁለተኛው ሰው ደህና አድርጎ አጣጥፎ ይከተዋል፤ ድንኳኑ በተዘረጋ ጊዜ አንዲት ክር አትጎድልም። ይኼኛው ፍላክ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ነው። ኤም ፒ ስሪ ቦታውን እስከ አንድ አሥረኛ ሲያወርደው ፍላክ የሚቀንሰው ወደ ግማሽ ገደማ ነው። ዛሬ ግን አንድ ቴራባይት ዲስክ በፍላክ 3,000 ያህል ሲዲ ስለሚይዝ መቀሱን የሚያስመዝዝ ምክንያት አይታየኝም።

እውነቱን ለመናገር ደህና ሆኖ የተቀዳውን ኤም ፒ ስሪ ከፍላክ በጆሮዬ መለየት አልቻልኩም። ነገር ግን ኤም ፒ ስሪ ተመልሶ ኤም ፒ ስሪ ሲደረግ ከተቆረጠው ላይ እንደገና ይቆረጣል። ከሰው ወደ ሰው፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞር የኖረው ዘፈን እንደ ቆርቆሮ የሚንሿሿው በዚህ ነው። ዋናው በፍላክ ይቀመጥ፣ ለስልክ የሚሆነው ከዚያ ይቀዳ።

ከሲዲም የበለጠ የሚባል አለ፤ በሴኮንድ 96,000 ጊዜ የሚነበብ፣ ሳይታጠፍ በደቂቃ 34 ሜጋባይት የሚይዝ። 192,000ም አለ። ሰው ወጣት እያለ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ምልልስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሲዲው 44,100 ይበቃል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰውማ 12,000 ከሰማ ዕድለኛ ነው። የልጅ ልጄ በስልኳ ቀጭን ፉጨት ከፍታ «አባባ ይሰማሃል?» አለችኝ፤ እሷ ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች፣ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ። ትርፉ ለሌሊት ወፍ ነው። ለመቅጃ ግን ከፍ ያለው ይጠቅማል፤ በኋላ ሲስተካከል መላወሻ ይኖረዋል።

ስለ ዕቃው ውድነት ስለምትጠይቁኝ አስተያየቴን ልስጥ። ታዋቂው የስኮትላንድ ኩባንያ ሊን እ.ኤ.አ. በ2009 የሲዲ ማጫወቻ መሥራቱን አቁሞ በምትኩ ከዲስክ በኔትወርክ የሚያነቡትን ይሠራል፤ የእሱ ዕቃ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። በሌላ በኩል ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጧት፣ መታወቂያ ወረቀት የምታህል ኮምፒዩተር አለች። በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ከተጫነባት ያንኑ ፋይል አንብባ ያንኑ ቁጥር ለዳኳ ታቀብላለች። የእኔ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ያለችው እሷ ናት፤ ወንድሜ ራሱ ነው የገጠማት። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ስፒከር ላይ ቢያወጣ ጆሮው ያውቀዋል። በመቶ ዶላር የሚሸጥ የዩ ኤስ ቢ ሽቦ ግን እኔን አያሳምነኝም። ቁጥር ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም፤ ደብዳቤ በወርቅ ፖስታ ቢላክ ቃሉ አይለወጥም። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቅሎ፣ ምንጣፍ ዘርግቶ መስማት ከሽቦው ይበልጣል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲመታ ግን ማኪንቶሽም አይችለውም፤ ዘግቶ መተኛት ነው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ባለበት ሰሞንም ማሽኑ አይነሳም። ይኸን ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

እናታችን ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። በ1978 ዓ.ም. ክረምት እኅታችን ቴፕ ተውሳ ድምጿን በ60 ደቂቃ ካሴት ቀዳችና ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ሰጠች። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርግ ነበር፤ ካሴት ደብዳቤያችን ነበር። እኔ ገና ሥራ መያዜ ስለ ነበር ጅማ ነበርኩ፣ ሲቀዳ አልነበርኩም። እናታችን በ1981 ዓ.ም. ዐረፈች፤ እኅቴም ዛሬ የለችም። ወንድሜ ካሴቱን ለብዙ ዓመት ጠብቆ ኋላ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠው። አንደኛው ጎን አንድ ፋይል፣ ሁለተኛው ጎን ሌላ ፋይል። ከዚያ «ገብቷል፣ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ካሴቶቹን ጣላቸው።

ዲስኳ እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላ አንድ ማታ የመጀመሪያውን ጎን ከፈትኩት። በመጀመሪያ የሲኒ ኳኳታ ይሰማል፣ ቀጥሎ ዝናብ፣ ቀጥሎ እናቴ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። የሰፈሩን ሰው ደህንነት አንድ በአንድ ትናገራለች። ሁለተኛውን ሌላ ቀን እሰማዋለሁ ብዬ ዘጋሁት፤ ሆዴ አልቻለም።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ማታ ዲስኳን ሰክቼ ፋይሎች ሳስተካክል መብራት ሄደ። ሲመለስ በኃይል መጣ። ዲስኳም «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀመረች። አጥፍቼ አበራኋት፣ ደግሜ አጥፍቼ አበራኋት። ይህ ትልቁ ስሕተቴ ነው። በዲስኩ ውስጥ በደቂቃ ከ5,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ክብ ሳህን አለ፤ የሚያነበው ክንድ ሳይነካው በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአቧራ ቅንጣት ያነሰ ነው። ክንዱ ከተበላሸ በኋላ ባበራችሁት ቁጥር ሳህኑን ይፍቀዋል። ቀጭ ቀጭ ያለ ዲስክ ወዲያው ይነቀላል፣ ዳግመኛ አይሰካም። ቀጥሎ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኳት። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ዲስክ አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል ካልሆነ የማይከፈት መሆኑን ሳያውቅ መንገድ ዳር ጠረጴዛው ላይ ፈታት። በሳምንቱ «አባባ፣ ምንም የለም» አለኝ።

ወደ 11,000 ዘፈን ነበረባት። ዘፈኑ አብዛኛው ከሌላ ሰው ይገኛል፣ ቀስ በቀስም እየሰበሰብኩ ነው። የእናቴን ድምፅ ግን የወንድሜን ልጅ ጠየቅኳት። እሷም የድሮ ኢሜይሏን ስትፈልግ አባቷ አንድ ጊዜ የላከላትን የመጀመሪያውን ጎን በኤም ፒ ስሪ አገኘች። ሁለተኛው ጎን አልተገኘም። አሁን ያንን የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ እናቴ «ሊያልቅ ነው ይሉኛል። ገልብጠው ልጄ፣ ዋናውን ነገር ገና አልነገርኩህም» ትላለች። ከዚያ የቴፑ ቁልፍ ይሰማል።

መዝገብ ቤት ሳለን ደብዳቤ ሲወጣ በካርቦን ይተየብ ነበር፤ ዋናው ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ግልባጭ ለክፍሉ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት። 34 ዓመት ለማላውቀው ሰው ጉዳይ ያደረግኩትን ለገዛ እናቴ ድምፅ አላደረግኩትም። የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ሕጋቸው ይኸው ሆኖ አገኘሁት፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሁለት ዲስክ ያለበት፣ የአንዱን በሌላው ላይ ወዲያው የሚገለብጥ ሣጥን ይሸጣል፤ ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ግልባጭ አይቆጠርም። በስሕተት አንዱ ላይ ያጠፋችሁት ሌላውም ላይ ይጠፋል፣ መብራት ሲመታም ሁለቱን እኩል ይመታል፣ ሌባም ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። ፍላሽ ደግሞ ለማመላለሻ እንጂ ለዘለቄታ አይታመንም። እኔ ዛሬ ሁለት ዲስክ አለኝ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከመብራቱ ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሦስተኛው ቅጂ ልጄ ዘንድ ሐዋሳ ነው፣ እሱም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ገልብጦ ይዞታል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ቀስ ብሎ ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጥ ዩ ፒ ኤስም ገዝቻለሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሁሉንም አብርቼ እዚህም እዚያም ጥቂት እሰማለሁ።

ስለ ስም አጻጻፍ ደግሞ ብዙ አለኝ፣ ግን ላሳጥረው። ማሽን እንደ ሰው አይገምትም። «ዓለማየሁ» በዐይኑ ዓ እና «አለማየሁ» በአልፋው አ ለእሱ ሁለት ሰው ናቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈማ ጉድ ነው፤ ወንድሜ ዲስክ ላይ አንዱ ጥላሁን ገሠሠ አምስት ሰው ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ደግሞ ፈረንጆቹ የአባትን ስም አስቀድመው ስለሚደረድሩ ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴና የሸክላ አሳታሚው አምኃ እሸቴ ጎን ለጎን ወድቀው አንድ ሰው «ወንድማማቾች ናቸው ለካ!» ብሎኛል። አይደሉም፣ የአባታቸው ስም ተገጣጥሞ ነው። አምኃ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላ ያሳተመ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈ ባለውለታችን ነው። ዓመተ ምሕረትም ሲጻፍ የእኛው ይሁን የእነሱ መለየት አለበት፤ 1967 ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው የስምንት ዓመት ጥያቄ ጥሎ ይሄዳል። እኔ አንድ ደብተር ይዤ አንድ ሰው አንድ አጻጻፍ ብዬ ወስኛለሁ፤ በራስ ስም ይጀምራል፣ የአባት ይከተላል፣ ከዚያ የዘፈኑ ስም፣ ከዚያ ዓመቱ። «ትራክ 01» የሚል ፋይል በቤቴ የለም።

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ካሴት ያላስቀመጠ ጥቂት ይመስለኛል። ስለ ንግድ ዘፈን አይደለም የምናገረው፤ እሱ ባለቤት አለው፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996ም የተጠበቀ ነው። የምናገረው ስለ ሰርግ፣ ስለ ክርስትና፣ ከዐረብ አገርና ከአሜሪካ ስለ ተላከ፣ ወደዚያ ሊላክ ተቀድቶ ስለ ቀረ የቤተሰብ ድምፅ ነው። የካሴት ክር እያረጀ፣ እየሻገተ ነው፤ ደህና ቴፕም እያለቀ ነው። እኔ ዘንድ የተጠገነ ቴፕ አለ። ጭንቅላቱን በጥጥና በአልኮል አጸዳለሁ፣ ድምፁ የታፈነ እንደሆነም ጭንቅላቱን የምታቃናዋን ቡሎን በቀጭን መፍቻ አስተካክላለሁ። ሥራው አቋራጭ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት አራት ካሴት ብቻ እቀበላለሁ። ዋጋ የለውም።

ከኮሚቴው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የዕድሩ መዝገብ በሚቀመጥበት የብረት ሣጥን ውስጥ ለአንድ ዲስክ የሚሆን ቦታ ይፈቀድልን። ዲስኩን እኔ እገዛለሁ። ማን ምን እንዳስቀመጠ በመዝገብ ይጻፋል፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም አይከፍተውም፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሁለት ሰው ፊት ይመረመራል። እኔም ሁልጊዜ ስለማልኖር ከወጣቶቹ ሁለት ልጆች ቢመደቡልኝ አሠራሩን አሳያቸዋለሁ።

ካሴት ስታመጡ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተቀዳ በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ። ክሩ የወጣ ቢሆን በእርሳስ አጥብቃችሁ አምጡት፣ የተበጠሰ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትቀጥሉት። ተቀድቶ ከተመለሰላችሁም በኋላ አትጣሉት። ሁለተኛው ጎን ባዶ ነው የምትሉትንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አጫውተዋለሁ፤ ጊዜው የእኔ ነው። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።